የአሜሪካ ቴሪቶሪ እንዴት ስቴት ሆነ? ታሪኩን መከታተል ለምትፈልጉ፣ ኦክላሆማን እያየን

መጀመሪያ አንድ ቃል እናስተካክል፣ ምክንያቱም ይሄን ታሪክ በአማርኛ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ቴሪቶሪውንም ግዛት እንለዋለን፣ ስቴቱንም ግዛት እንለዋለን፣ ከዛ "ግዛቱ በ1907 ግዛት ሆነ" የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣና አንባቢው ይጠፋዋል። ስለዚ እኔ ሁሉም ቦታ ላይ ቴሪቶሪ እና ስቴት እያልኩ ነው ምሄደው። ቴሪቶሪ ማለት መሬቱ የአሜሪካ ነው ተብሏል፣ ሰው ይኖርበታል፣ ግን ገዢውን ፕሬዝዳንቱ ከዋሽንግተን ይሾምለታል፣ ወደ ኮንግረስ የሚልከው ተወካይ ይናገራል እንጂ ድምፅ አይሰጥም፣ ህዝቡም በፕሬዝዳንት ምርጫ አይሳተፍም። ስቴት ሲሆን ገዢውን ራሱ ይመርጣል፣ ሁለት ሴናተር ይኖረዋል፣ ከመጀመሪያዎቹ 13 ስቴቶች ጋር እኩል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው። ሰዎች የስቴትነት ታሪክ ሲጽፉ ሁሌ ከፊርማው ቀን ነው ሚነሱት። ፕሬዝዳንቱ ፈረመ፣ ህዝቡ ጨፈረ፣ ባንዲራው ላይ ኮከብ ተጨመረ፣ አለቀ። እኔ ብዙ ካነበብኩ በኋላ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደነበር፣ ቀጥሎ እዛ ላይ ከነበረው ሰው ማን እንደተቆጠረና ማን እንደተተወ፣ ከዛ ዋሽንግተን ላይ ማን ምን ፈልጎ እንደነበር፣ ፊርማው መጨረሻ አካባቢ። በዚ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ የየትኛውም ቴሪቶሪ ታሪክ ይከፈትላችኋል። ለትምህርት ቤት ፔፐርም ይሁን ለቪዲዮ ወይም ዝም ብላችሁ ለማወቅ። ኦክላሆማን የመረጥኩት ሁሉም ነገር ተጠራቅሞ እዛ ስላለ ነው፣ ደሞም ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ደንቡን እወቁ፣ ደንቡ ግን እንደማያስገድድም እወቁ

ጁላይ 13 ቀን 1787፣ የአሁኑ ህገ መንግስት ገና ሳይፀድቅ፣ ኒውዮርክ የተሰበሰበው ኮንግረስ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ላለው መሬት አንድ ህግ አወጣ፣ ኖርዝዌስት ኦርዲናንስ ይባላል። ከሱ በኋላ ለመጣው ነገር ቅርፁን የሰጠው ይሄ ነው። ሶስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አንድ ገዢ፣ አንድ ፀሐፊና ሶስት ዳኞች ከላይ ይሾማሉ፣ ህዝቡ ምንም አይመርጥም። 5,000 ነፃ አዋቂ ወንድ ሲሞላ የራሳቸውን ምክር ቤት ይመርጣሉ። 60,000 ነፃ ነዋሪ ሲሞላ ህገ መንግስት ጽፈው ከነባሮቹ ስቴቶች ጋር በእኩል ደረጃ ይገባሉ። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ ሚቺጋንና ዊስኮንሲን የወጡት ከዚህ መሬት ነው። ባርነትንም እዛ ከልክሏል።

ይሄ "በእኩል ደረጃ" የሚለው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ያኔ አዲስ መሬት የያዘ መንግስት መሬቱን ቅኝ ግዛት አድርጎ ነበር ሚያስቀረው፣ እነዚህ ግን ለሰፋሪው ጠብቅ፣ ስትበዛ እንደኛ ትሆናለህ አሉት። ለሰፋሪው ነው ያልኩት ልብ በሉ። እዛው ህግ ላይ ደሞ የኢንዲያኖቹ (የህንድ ሰዎች ሳይሆኑ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች) መሬት ያለፈቃዳቸው መቼም አይወሰድም የሚል አንቀፅ ተጽፏል፣ ሁለቱን ቃል ኪዳኖች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አንብቧቸው፣ አንደኛው እንዴት እንደተጠበቀ ሌላኛው እንዴት እንደፈረሰ ማየት ነው ቀሪው ታሪክ በሙሉ።

ከህገ መንግስቱ ደሞ አንቀፅ 4 ክፍል 3ን አንብቡ። ኮንግረስ አዳዲስ ስቴቶችን ሊቀበል ይችላል ይላል። ይችላል ነው የሚለው። ቁጥር ስለሞላ የግድ ትገባለህ የሚል ነገር የለም፣ ቁጥር ስላነሰም አትገባም የሚል የለም። ኔቫዳ በ1860 ቆጠራ 7,000 ሰው እንኳን አልሞላችም ነበር፣ ግን በ1864 የእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል የፕሬዝዳንት ሊንከን ፓርቲ ድምፅ ስለፈለገ ምርጫው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ኦክቶበር 31 ገባች፣ ህገ መንግስቷ በፖስታ አይደርስም ተብሎ ሙሉው በቴሌግራም ነው የተላከው፣ ከ4,300 ዶላር በላይ ፈጅቷል። ኒው ሜክሲኮ በተቃራኒው ከ1850 እስከ 1912፣ 62 ዓመት ቴሪቶሪ ሆና ጠብቃለች፣ ሰው አጥታ አልነበረም።

ሁሉም ስቴት በቴሪቶሪ በኩል አልመጣም፣ እሱንም ቶሎ አጣሩ። ቴክሳስ ከነፃ ሪፐብሊክነት በቀጥታ በ1845፣ ካሊፎርኒያ ቴሪቶሪ ሳትሆን በ1850፣ ኬንታኪ ከቨርጂኒያ ተከፍላ በ1792። የያዛችሁት ስቴት እንደነዚህ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ አይመለከታችሁም።

መሬቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ካርታ ክፈቱና አሁን ያለውን ስቴት ሳይሆን ከዛ በፊት የነበሩትን መስመሮች ፈልጉ። ለኦክላሆማ ከ1830 ጀምሩ። ያን ዓመት ፕሬዝዳንት አንድሪው ጃክሰን የኢንዲያን ማስወገጃ ህጉን ፈረመ፣ ደቡብ ምስራቅ ላይ ይኖሩ የነበሩት ቸሮኪ፣ ቾክታው፣ ቺካሳው፣ ክሪክና ሴሚኖል ከአገራቸው ተነቅለው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ወደ ምዕራብ ተነዱ። ቸሮኪዎቹ በ1838 እና 39 በክረምት በእግር ሲሄዱ መንገድ ላይ በሺዎች አለቁ፣ የእንባ መንገድ የሚባለው እሱ ነው። የተሰጣቸው መሬት ኢንዲያን ቴሪቶሪ ተባለ፣ የናንተ ነው ለዘላለሙ ተባሉ፣ በውል። ስሙ ቴሪቶሪ ይባል እንጂ ከላይ ያልኩት ዓይነት ቴሪቶሪ አይደለም፣ ሹም ገዢ አልነበረውም፣ እያንዳንዱ ብሔር የራሱ መንግስት፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ነበረው፣ መሬቱም የወል ነበር። ይሄን ነጥብ ብዙ ጽሁፍ ያልፈዋል፣ እናንተ እንዳታልፉት፣ ምክንያቱም የወል መሬት እያለ ሰፋሪ መሬት ገዝቶ ባለቤት መሆን አይችልም፣ ስለዚ የስቴትነቱ ትግል ግማሹ የወሉን መሬት የማፍረስ ትግል ነው።

ከዛ 1866 ላይ ቁሙ። በእርስ በርስ ጦርነቱ አምስቱም ብሔሮች ከተገነጠለው ደቡብ ጋር ውል ገብተው ስለነበር ጦርነቱ ሲያልቅ አዲስ ውል ተጫነባቸው፣ የምዕራቡን መሬታቸውን አስረከቡ፣ እነሱም ባርያ ያሳድሩ ስለነበር ባርያዎቻቸውን ነፃ አወጡ። ካስረከቡት ውስጥ መሀሉ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ኤከር (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል) የሚጠጋ ለማንም ያልተመደበ ቦታ ቀረ። ሰፋሪዎቹ ዓይናቸው እሱ ላይ ነበር። ቡመርስ የሚባሉት በእነ ዴቪድ ፔይን እየተመሩ በ1880ዎቹ እየደጋገሙ ሲገቡ ወታደር ያስወጣቸው ነበር፣ በ1887 የባቡር ሀዲድ መሀሉን አቋርጦ ሲያልፍ ግን ማቆም አልተቻለም።

ኤፕሪል 22 ቀን 1889 እኩለ ቀን ላይ መስመሩ ተከፈተ። ወደ 50,000 ሰው በፈረስ፣ በጋሪ፣ በባቡር፣ በእግር ሮጠ፣ ቀድሞ የደረሰ 160 ኤከር ላይ ችካሉን ተከለ። ጉትሪ የምትባለው ቦታ ጠዋት ላይ የባቡር ጣቢያና ጥቂት ቤት ነበረች፣ ማታ 10,000 ሰው ገደማ ያለባት የድንኳን ከተማ ሆነች። ቀድመው ሾልከው ገብተው ቁጥቋጦ ውስጥ የጠበቁትን ሱነርስ አሏቸው፣ በማን ቀደመ ክርክር ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተጨናንቀዋል። በ1893 ደሞ ቸሮኪ አውትሌት የሚባለው ሰሜኑ መሬት ሲከፈት ከ100,000 በላይ ሰው ሮጠ። በ1901 ሩጫው ብጥብጥ ስለበዛበት በእጣ ሆነ።

ሩጫው ለጽሁፍ ይመቻል፣ ፎቶም አለው፣ ለዛ ነው ሁሉም ሰው እሱ ላይ ሚቆየው። እናንተ ግን መስመሮቹ ላይ ቆዩ። መሬቱ ከሩጫው በፊት በካሬ በካሬ ተቀይሷል፣ ቅየሳው ከ1785 የመጣ ስርዓት ነው፣ 6 ማይል በ6 ማይል ታውንሺፕ፣ እሱ ደሞ እያንዳንዳቸው 640 ኤከር የሆኑ 36 ክፍሎች፣ ከነሱ 16ኛው ለትምህርት ቤት ይተዋል፣ በኋላ 36ኛውም ተጨመረ። የስቴቱን ካርታ ከላይ በሳተላይት ብታዩት ካሬዎቹ ዛሬም ይታያሉ።

ማቋቋሚያ ህጉን አግኙ

እያንዳንዱ መደበኛ ቴሪቶሪ የልደት ወረቀት አለው፣ ኦርጋኒክ አክት ይባላል፣ ኮንግረስ የሚያወጣው ህግ ነው። የኦክላሆማው ሜይ 2 ቀን 1890 ነው የወጣው። ስታነቡት ሶስት ነገር ፈልጉ፦ ድንበሩ የት ይደርሳል፣ ማን ይመርጣል፣ የማን ህግ ይሰራል። ከሩጫው እስከዚህ ህግ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ነው፣ በዛ መሀል ሰፋሪዎቹ ህጋዊ መንግስት አልነበራቸውም፣ ከንቲባቸውን ራሳቸው እየመረጡ ነው የኖሩት። ህጉ ምዕራቡን ግማሽ ኦክላሆማ ቴሪቶሪ አደረገው፣ ባለቤት አልባ የነበረውን የምዕራቡን ቀጭን እጀታም ጨመረበት፣ ዋና ከተማ ጉትሪ። ምስራቁ ኢንዲያን ቴሪቶሪ ሆኖ ቀረ። ስለዚ ከ1890 እስከ 1907 መንታ ቴሪቶሪ እንደነበሩ አስታውሱ፣ ይሄን ካልያዛችሁ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ አይገባችሁም።

ኮንግረስ ያወጣቸው ህጎች በሙሉ በዓመት ተደርድረው ኦንላይን በነፃ ይገኛሉ፣ የድሮ ጋዜጦችም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስካን አድርጎ አስቀምጧቸዋል። አንድ ምክር ልስጥ፣ ህጉን ካነበባችሁ በኋላ የዛን ሳምንት ጋዜጣ ከሁለቱም ቴሪቶሪ አንብቡ፣ ከጉትሪ እና ምስራቁ ላይ ካለችው ከመስኮጊ። አንዱ ቀን ሁለት የተለያየ ቀን ይመስላችኋል።

ማን ተቆጠረ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ስቴትነት የቁጥር ነገር ነው ሲባል ቁጥሩ ራሱ የሚሰራ ነገር መሆኑ ይረሳል።

በ1887 ዶውስ አክት የሚባል ህግ ወጣ፣ የወሉን መሬት በነፍስ ወከፍ አከፋፍሎ የተረፈውን ለሰፋሪ መክፈት ነው ሀሳቡ። አምስቱ ብሔሮች መጀመሪያ ላይ አይመለከታቸውም ነበር። በ1893 ግን እነሱን እንዲያሳምን ኮሚሽን ተቋቋመ፣ እምቢ አሉ፣ በ1898 ከርቲስ አክት የሚባለው መጣና ቢፈልጉም ባይፈልጉም ፍርድ ቤቶቻቸው እንዲዘጉ፣ መሬታቸው እንዲከፋፈል አዘዘ። ለማከፋፈል ደሞ መዝገብ ያስፈልጋል፣ ዶውስ ሮልስ ይባላል፣ ከ100,000 በላይ ስም አለበት፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ጋ ዛሬም አለ፣ በስም መፈለግ ይቻላል። ሰው በደም መጠን ተጽፏል፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ እየተባለ። በ1866 ነፃ የወጡት ጥቁሮችና ልጆቻቸው ለብቻቸው ሌላ ዝርዝር ላይ ተጻፉ፣ ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ሆነው ሳለ። መዝገቡ ላይ አንመዘገብም፣ መሬታችን የወል ነው ብለው ጫካ የገቡም ነበሩ። ያ መዝገብ ላይ የተጻፈችው አንዲት መስመር የአንድን ቤተሰብ መሬት፣ ዜግነትና ድምፅ እስከ ልጅ ልጅ ወስናለች፣ እስከ ዛሬ ድረስ የብሔር አባልነት ክርክር ሲነሳ የሚመዘዘው እሱ ነው። እኔ ከሁሉም ሰነድ ይሄ መዝገብ ነው ልቤን የሚከብደኝ፣ አንድ ጊዜ ገብታችሁ አንድ ቤተሰብ ብቻ ተከታተሉ፣ ስለ ቴሪቶሪ የሚጻፈው አጠቃላይ ወሬ ሁሉ መልኩ ይቀየርባችኋል።

ሰፋሪው ደሞ ምስራቁንም ሞላው። መሬት መግዛት ስለማይችል ተከራይቶም፣ በፈቃድም፣ ያለፈቃድም ገባ። በ1907 ልዩ ቆጠራ ሲደረግ በሁለቱም ቴሪቶሪ 1,414,177 ሰው ተገኘ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። ጥቁሮች ከነሱ ይበልጣሉ፣ ከደቡቡ ጭቆና ሸሽተው መጥተው እንደ ቦሊ ያሉ የራሳቸውን ከተሞች የመሰረቱ ነበሩ፣ ኦክላሆማ የጥቁሮች ስቴት ትሁን ብለው የተነሱም ነበሩ። ሴቶቹ በስቴት ደረጃ ድምፅ ያገኙት በ1918 ነው። ሌላ ቴሪቶሪ የምትሰሩ ከሆነ ይሄን ጥያቄ ሁሌ ጠይቁ፣ ለምሳሌ ዋዮሚንግ ላይ መልሱ ሌላ ነው፣ ሴቶች ገና በቴሪቶሪነት በ1869 መምረጥ ጀመሩ፣ በ1890ም መብቱን እንደያዘች ነው ስቴት የሆነችው።

ያልተወለደውን ስቴት ፈልጉ

ከሁሉም የምመክረው ይሄን ነው። አብዛኛው ቴሪቶሪ ከመፅደቁ በፊት ሌላ እቅድ ነበረው፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ድንበር። ዩታ በ1849 ዴዘረት የሚባል ትልቅ ስቴት ልትሆን ጠይቃ ነበር። የወደቀውን እቅድ ስታገኙ የተሳካው ለምን እንደተሳካ ይገባችኋል።

ኦክላሆማ ላይ የወደቀው ሴኮያ ይባላል። የብሔሮቹ መንግስታት በ1906 እንዲፈርሱ ቀን ተቆርጦባቸው ስለነበር መሪዎቹ እንዲህ አሰቡ፦ መንግስታችን ከቀረ አይቀር ምስራቁ ለብቻው ስቴት ይሁን፣ ቢያንስ የራሳችን ሆኖ ይግባ። ኦገስት 1905 መስኮጊ ከተማ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ፣ ሰብሳቢው የክሪኮቹ ዋና አለቃ ፕሌዘንት ፖርተር ነበር፣ ፀሐፊው ገጣሚውና ጋዜጠኛው አሌክሳንደር ፖዚ። ስሙን የወሰዱት ከሴኮያ ነው፣ በ1821 ለቸሮኪ ቋንቋ ፊደል ከሰራው ሰው። ፊደሉ እንደኛው እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ነው፣ 85 ገደማ ምልክት አለው፣ ሰውየው ራሱ ከዛ በፊት በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚ ስቴታቸውን በንጉስ ወይም በወንዝ ስም ሳይሆን ፊደል በሰራ ሰው ስም መሰየማቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ህገ መንግስት ጻፉ፣ ረጅምና ዝርዝር፣ ካርታ ሰሩ፣ ማህተም ነደፉ። ኖቬምበር 7 ቀን 1905 ለህዝብ ድምፅ ቀረበ፣ 56,279 ደገፈ፣ 9,073 ተቃወመ። ወደ ዋሽንግተን ላኩት። ኮንግረስ በቁም ነገር አልተወያየበትም፣ እዛው ተኛ።

ለምን? እዚህ ነው ቀጣዩ ስራ።

የዋሽንግተንን ሂሳብ ስሩ

አንድ ስቴት ሁለት ሴናተር ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ምስራቁ ለብቻ ምዕራቡ ለብቻ ቢገባ አራት ሴናተር ይመጣል፣ ሁለቱም ወደ ዴሞክራቶች እንደሚያዘነብሉ ይጠበቅ ነበር፣ ኮንግረሱም ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ሪፐብሊካን ነበሩ። ሩዝቬልት አንድ ላይ ሆነው ይግቡ አለ። አለቀ።

ይሄ ሂሳብ በየዘመኑ መልኩን እየቀየረ ይመጣል። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ሂሳቡ ባርነት ነበር፣ በ1820 ሜይን ነፃ ሆና ስትገባ ሚዙሪ ባርነት እንደያዘች በ1821 ገባች፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ። ካንሳስ ላይ በ1854 ህዝቡ ራሱ ይወስን ሲባል ሰው ተገዳደለ፣ እስከ 1861ም አልገባችም። በ1889 ደሞ ሪፐብሊካኖቹ ዳኮታን ለሁለት ከፈሏት፣ ሁለቱ ዳኮታዎች፣ ሞንታናና ዋሽንግተን በአንድ ኖቬምበር ወር አራቱም ገቡ፣ ፕሬዝዳንት ሃሪሰን የዳኮታዎቹን ወረቀት አቀላቅሎ ስለፈረመ የትኛዋ እንደቀደመች ዛሬም አይታወቅም። ዩታ ሰው ሞልቷት ዓመታት የጠበቀችው በአንድ ጉዳይ ነው፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት፣ የሞርሞን ቤተክርስቲያን መሪ ዊልፎርድ ዉድረፍ በ1890 መቅረቱን ካወጀ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1896 ገባች፣ ህገ መንግስቷም ለዘላለም እንዲከለክል ተደርጎ። ስለዚ የያዛችሁት ቴሪቶሪ የገባበትን ዓመት ወስዳችሁ ሴኔቱ ውስጥ ማን አብላጫ እንደነበረው አጠገቡ ጻፉ፣ ግማሹ መልስ እዛ ጋ ነው።

ወረቀቶቹን በተርታ አንብቡ

አብዛኛው ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ኮንግረስ የፈቃድ ህግ ያወጣል፣ ኢኔብሊንግ አክት ይባላል፣ ከዛ የህገ መንግስት ጉባኤ፣ ከዛ የህዝብ ድምፅ፣ ከዛ የፕሬዝዳንቱ አዋጅ። የኦክላሆማው ፈቃድ ጁን 16 ቀን 1906 ነው። በውስጡ ያሉትን ግዴታዎች አውጥታችሁ ለብቻ ጻፉ፣ ኮንግረስ ምን እንደፈራ የሚነግራችሁ እነሱ ናቸው። ምስራቁ ላይ መጠጥ ለ21 ዓመት ይከልከል ይላል። ዋና ከተማው እስከ 1913 ከጉትሪ አይነቃነቅ ይላል። ምስራቁ ላይ ለትምህርት ቤት የሚተው የመንግስት መሬት ስለሌለ በምትኩ 5 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል። ጉባኤው ላይ ከምዕራብ 55፣ ከምስራቅ 55፣ ኦሴጅ ከሚባለው ሌላ ብሔር መሬት 2፣ በድምሩ 112 ተወካይ።

ጉባኤው ኖቬምበር 1906 ጉትሪ ተከፈተ። የተወካዮቹን ስም ዝርዝር ከሴኮያ ጉባኤ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ሰብሳቢው ዊሊያም መሪ ሴኮያ ላይ የቺካሳው ወኪል ነበር፣ በኋላ የመጀመሪያው ገዢ የሆነው ቻርልስ ሃስከልም የክሪኮቹ ወኪል ሆኖ እዛ ነበር፣ ሁለቱም ነጮች ናቸው። የሴኮያ ሀሳብ ብዙው በነሱ በኩል እዚህኛው ወረቀት ውስጥ ገብቷል፣ ሴኮያን ያቆሙት ብሔሮች ግን ስቴታቸውን አላገኙም።

ሌላ ከማየት የማታልፉት ነገር፣ ጉባኤው ውስጥ ብዙ ተወካዮች ጥቁርን ከነጭ የሚለይ አንቀፅ ህገ መንግስቱ ላይ ማስገባት ይፈልጉ ነበር፣ ሩዝቬልት አልፈርምም እንዳይል ፈርተው ተዉት። ከስቴትነቱ በኋላ የስቴቱ ሴኔት ያነሳው ቁጥር አንድ ህግ ምን ሆነ? ጥቁሮች በባቡር ላይ ለብቻ እንዲቀመጡ የሚያዝ። ስለዚ ህገ መንግስቱን ብቻ አንብባችሁ እንዳትመለሱ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ህጎች አብራችሁ አንብቡ፣ የተደበቀው ሀሳብ እዛ ነው ሚወጣው። በ1910ም ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣ አንቀፅ ጨመሩ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 ሻረው።

ሴፕቴምበር 1907 ህዝቡ አፀደቀ፣ ኖቬምበር 16 ሩዝቬልት አዋጁን ፈረመ፣ 46ኛ ስቴት። ጉትሪ ላይ ሰርግ ተደረገ፣ ምሳሌያዊ ሰርግ፣ ወይዘሪት ኢንዲያን ቴሪቶሪ እና አቶ ኦክላሆማ ቴሪቶሪ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተጋቡ። ፎቶውን፣ ንግግሩን፣ ሁሉንም ታገኙታላችሁ። እኔ ይሄን ሰርግ ሳነብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ሙሽሪት ከሁለት ዓመት በፊት ለብቻዬ ልኑር ብላ 56,279 ድምፅ መስጠቷ ነው።

ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፣ ህጉ የወጣበት፣ ህዝቡ ያፀደቀበትና የገባበት ቀን ይለያያል፣ ኮከቡ ደሞ ባንዲራው ላይ የሚጨመረው በቀጣዩ ጁላይ 4 ነው፣ የኦክላሆማው 1908። ኦሃዮ ላይ ጭራሽ የመግቢያ ውሳኔው በስርዓት ሳይወጣ ቀርቶ ኮንግረስ በ1953 ነው ከማርች 1 ቀን 1803 ጀምሮ ብሎ ያስተካከለው።

ከፊርማው በኋላ ያለውን አትዝለሉ

ዋና ከተማው እስከ 1913 አይነቃነቅ የሚለው ግዴታ ምን ሆነ? በ1910 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ አዛወረው። ክስ ተነሳ፣ በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮይል እና ስሚዝ በሚባለው መዝገብ ወሰነ፦ ስቴት ከሆነ በኋላ ከሌሎቹ እኩል ነው፣ ዋና ከተማውን የት እንደሚያደርግ ኮንግረስ አስቀድሞ ሊያስረው አይችልም። የ1787ቱ "በእኩል ደረጃ" እዚህ ጋ ነው ስራ ላይ የዋለው። አሪዞናም በዛው ሰሞን ያው ነው፣ ፕሬዝዳንት ታፍት ዳኞችን በህዝብ ድምፅ ማውረድ የሚለውን አንቀፅ ካላወጣችሁ አላስገባም አለ፣ አወጡት፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1912 ገቡ፣ እዛው ዓመት መልሰው አስገቡት።

ብሔሮቹ ላይስ? የተከፋፈለው መሬት አብዛኛው በማጭበርበርም፣ በሞግዚትነት ስምም፣ በእዳም ከእጃቸው ወጣ። አለቀ ተብሎ መቶ ዓመት አለፈ። ከዛ ጁላይ 9 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መክገርት በሚባለው መዝገብ 5 ለ4 ሆኖ እንዲህ አለ፦ ኮንግረስ የክሪኮቹን ሪዘርቬሽን (ለብሔሩ የተከለለውን መሬት) አፍርሻለሁ ብሎ በግልፅ ያወጣው ህግ የለም፣ ስለዚ ለከባድ ወንጀል ህግ ሲባል ሪዘርቬሽኑ ዛሬም አለ። የተነበቡት ወረቀቶች እኮ እነዚሁ ናቸው፣ የ1866ቱ ውል፣ የመሬት ድልድሉ፣ የ1906ቱ ፈቃድ። ከቱልሳ ከተማ ትልቁ ክፍል እዛ ድንበር ውስጥ ነው። ውሳኔውን ሙሉውን አንብቡት፣ እስካሁን ያልኳችሁን ቅደም ተከተል ከመሬቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው ሚከተለው።

ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር አድርጉ፣ የስቴቱን ማህተም ትልቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። መሀሉ ላይ ነጭ ሰፋሪና ኢንዲያን ሲጨባበጡ ታያላችሁ፣ እሱ ከኦክላሆማ ቴሪቶሪ ማህተም የመጣ ነው። ዙሪያው ባለ አምስት ጫፍ ትልቅ ኮከብ ነው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ውስጥ የአንዱ ብሔር ማህተም አለ፣ ቸሮኪ፣ ቺካሳው፣ ቾክታው፣ ክሪክ፣ ሴሚኖል። ኮከቡን መጀመሪያ የነደፉት ለሴኮያ ነበር። በጫፎቹ መሀል 45 ትንንሽ ኮከቦች አሉ፣ ቀድመው የገቡት ስቴቶች። በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሯቸው፣ እያንዳንዱን ምልክት ከሰነዶቻችሁ ከየትኛው እንደመጣ አጠገቡ ጻፉ፣ ጽሁፋችሁን ከዛ ጀምሩ።